የተሽከርካሪን የሞተር ዘይት በመኖሪያ ግቢ መለወጥ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ጫግኒ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ፣ ከእንጅባራ ወደ መተከል ቆላማ አካባቢዎች በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገዱ ከእንጅባራ ተነስቶ ጫግኒ እስኪደርስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በዚህ ርቀት ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከሚበልጥ ደጋ ወደ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከጫግኒ አልፎም በማንዱራና በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ ያመራል።

ይህ መንገድ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋነኛ መተላለፊያ ከሆኑት አንዱ ነው። የጭነት መኪናዎች፣ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች፣ የመሥሪያ ቤት ፒክአፖች፣ የግል አውቶሞቢሎችና ባጃጆች በየዕለቱ ይመላለሱበታል። ማለዳ በእንጅባራ ብርድ የተነሳ ተሽከርካሪ ከቀትር በኋላ በቆላው ሙቀት ውስጥ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። እንዲህ ያለ ጉዞ ከማንኛውም የሞተር ክፍል ይልቅ የሚፈትነው የሞተሩን ዘይት ነው።

የራሳቸው ተሽከርካሪ ያላቸው በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ የሞተር ዘይት በመኖሪያ ግቢያቸው መለወጥን ይመርጣሉ። ሥራው በራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ይሁን እንጂ በአግባቡ ካልተከናወነ በሰው ሕይወት፣ በሞተሩ ደኅንነትና በአካባቢው ውኃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተቆጠበው ገንዘብ እጅግ የበለጠ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ባለንብረት አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

ዘይት በሞተር ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት

የሞተር ዘይት የመጀመሪያ ተግባር ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ እንዳይፋተግ በመካከላቸው ስስ ንጣፍ መፍጠር ነው። ፒስተኖች በሲሊንደር ውስጥ በደቂቃ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ሲመላለሱ ይህ ንጣፍ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢቋረጥ ብረቱ ይግላል፣ ይፋቃል፣ በመጨረሻም ተጣብቆ ሞተሩን ያቆመዋል። ዘይቱ ከዚህ በተጨማሪ ከውስጥ ክፍሎች ሙቀትን ተሸክሞ ይወጣል፣ የቃጠሎ ጥቀርሻንና የብረት ብናኝን አጥቦ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፣ ዝገትን ይከላከላል፣ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት በመድፈን የሞተሩ ኃይል እንዳያመልጥ ያግዛል።

አንድ ዘይት ሲሸጥ ከመሠረታዊው ዘይት ጋር ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ተቀላቅለውበት ነው። ጥቀርሻውን በትነው የሚይዙት፣ አሲድን የሚያመክኑትና አረፋን የሚከላከሉት እነዚሁ ኬሚካሎች ናቸው። ከጊዜ በኋላ የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በሞተሩ ውስጥ ያለው የዘይት መጠን ባይጎድልም የመከላከል አቅሙ ሊዳከም እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል። የዘይቱ መጥቆር ብቻውን ለመለወጥ ምልክት አይሆንም። በተለይ በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በተጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጠቁር ይችላል፤ ይህም ዘይቱ ጥቀርሻውን አጥቦ መያዙን ያመለክታል።

ተስማሚውን ዘይት መምረጥ

በዘይት ማሸጊያ ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች ሁለቱን ማንበብ መቻል ለባለንብረቱ በቂ ነው። የመጀመሪያው የዘይቱን ውፍረት የሚገልጸው ኤስኤኢ የሚባለው ደረጃ ነው። ለምሳሌ በአንድ ማሸጊያ ላይ 15 ደብሊው 40 ተብሎ ቢጻፍ፣ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ባሕርይ፣ ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ደብሊው የተባለው ፊደል ክረምት ወይም ብርድ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው።

በደረጃው መሠረት 15 ደብሊው የሆነ ዘይት ሞተርን ለማስነሳት ያለው ብቃት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። 20 ደብሊው የሆነው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናል። በአዊ ደጋማ ቦታዎች የሚያጋጥመው የማለዳ ብርድ ከዚህ በእጅጉ የራቀ በመሆኑ አሽከርካሪው ይበልጥ ሊያተኩርበት የሚገባው በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ከሚገባው በታች ከሆነ በቆላው ሙቀትና በዳገት ላይ የዘይቱ ንጣፍ ሊሳሳ ይችላል። ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ክፍተታቸው ጠባብ በሆነ ዘመናዊ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ በፍጥነት ስለማይዳረስ ጉዳት ያስከትላል። ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ውሳኔው የአምራቹን መመሪያ መጽሐፍ መከተል ነው።

ሁለተኛው ምልክት ኤፒአይ የሚባለው የጥራት ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ አሰያየም በኤስ ፊደል የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ በሲ ፊደል የሚጀምሩት ደግሞ ለናፍጣ ሞተር የተዘጋጁ ናቸው። በማሸጊያው ላይ ሁለቱም ተጽፈው ከተገኙ ዘይቱ ለሁለቱም ዓይነት ሞተሮች ያገለግላል ማለት ነው። የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ባለንብረቶች ግን የአውቶሞቢል ዘይትን በዘፈቀደ መጠቀም አይኖርባቸውም። በአብዛኞቹ የሞተር ብስክሌት ዓይነቶች አንድ ዘይት ሞተሩን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ስለሚያገለግል የተለየ ዘይት ይጠይቃሉ።

በግዢ ወቅት የማሸጊያው ክዳን ያልተነካ መሆኑን፣ በጠርሙሱ ላይ የምርት መለያ ቁጥር መኖሩንና ጽሑፉ ያልደበዘዘ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ በታወቀ ስም ማሸጊያ ውስጥ ተሞልቶ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባዋል። ባዶ ማሸጊያዎችን ቀዶ ወይም በስቶ መጣልም ለዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር በር ይዘጋል።

መቼ ይለወጥ

የሚለወጥበት ጊዜ እንደ ሞተሩና እንደ ዘይቱ ዓይነት ይለያያል። በአገራችን ለተለመደው ማዕድናዊ ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። የአምራቾች መመሪያ መጻሕፍት አቧራማ መንገድን፣ ከባድ ጭነትን፣ ረጅም ዳገትን፣ ከፍተኛ ሙቀትን እንዲሁም ሞተሩ ሳይሞቅ የሚጠናቀቅ አጭር ጉዞን ከባድ የአገልግሎት ሁኔታ በማለት ይመድቧቸዋል። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የሚሠራ ተሽከርካሪ ዘይቱ ከተለመደው ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲለወጥ ያዛሉ።

በጫግኒና በአካባቢዋ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው ከእነዚህ ሁኔታዎች ቢያንስ አንዱን ያሟላሉ። በሌላ በኩል በከተማ ውስጥ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚመላለስ አውቶሞቢል በዓመት የሚሄደው ርቀት አነስተኛ ቢሆንም፣ በሞተሩ ውስጥ እርጥበትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ስለሚጠራቀም ዘይቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለወጥ ይመረጣል።

የቦታ አመራረጥና የተሽከርካሪው አነሳስ

በመኖሪያ ግቢ ከሚከናወን የዘይት ለውጥ ሁሉ ለሕይወት አስጊው ሥራ ተሽከርካሪውን ማንሳት ነው። ክሪክ ተሽከርካሪን ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት የተሠራ መሣሪያ አይደለም። የዘይት ግፊቱ ሊያፈስ፣ እግሩ በለስላሳ አፈር ሊሰምጥ ወይም ተሽከርካሪው በትንሽ ንቅናቄ ከላዩ ሊንሸራተት ይችላል። በመሆኑም በክሪክ ብቻ ከተደገፈ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ለአንድ ደቂቃም ቢሆን የተከለከለ ነው።

የሚመረጠው ቦታ ደልዳላና ጠንካራ መሆን ይኖርበታል። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ተመራጭ ሲሆን፣ በዝናብ ወራት የራሰ አፈር ወይም ተዳፋት ቦታ ጨርሶ አይመከርም። ተሽከርካሪው የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ በመደበኛ ማርሽ የሚሠራ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የማቆሚያው ማርሽ ገብቶ መቆም አለበት። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። ከዚያም በአምራቹ በተመለከተው ቦታ ላይ ክሪኩ ገብቶ ተሽከርካሪው ከተነሳ በኋላ ክብደቱን ሊሸከሙ በሚችሉ የብረት መደገፊያዎች ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሥር ከመግባት በፊት ተሽከርካሪውን ገፋ አድርጎ መረጋጋቱን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ድንጋይ፣ ብሎኬትና የተደራረበ ጣውላ በመደገፊያነት ማገልገል የለባቸውም። ብሎኬት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። ተቀያሪውን ጎማ በአካሉ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ግን ለድንገተኛ አደጋ ተጨማሪ መከላከያ ይሆናል። ከመሬት ከፍ ያሉ ፒክአፖችና የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው ሳይነሱ ዘይታቸውን ማፍሰስ ስለሚቻል ማንሳቱን አለመሞከር የተሻለ ነው። ሥራው በሚከናወንበት ጊዜ ሌላ አዋቂ ሰው በአቅራቢያ እንዲኖር፣ ሕፃናትና የቤት እንስሳትም ከቦታው እንዲርቁ ማድረግ ይገባል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አዲሱ ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮ፣ ለማፍሰሻው ብሎን የሚሆን አዲስ ሮንዴላ፣ ትክክለኛ መጠን ያለው መፍቻ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሰፊ ሳፋ፣ ጀሪካንና ሰጋቱራ ተዘጋጅተው መገኘት አለባቸው። ሳፋው ከሚፈሰው ዘይት የበለጠ የመያዝ አቅም ያስፈልገዋል። አነስተኛ አውቶሞቢሎች በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሊትር ተኩል ዘይት ሲይዙ፣ ትላልቅ የናፍጣ የመስክ መኪናዎች ከ7 እስከ 10 ሊትር ሊይዙ ይችላሉ። ትክክለኛው መጠን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል።

በቅድሚያ ተሽከርካሪው ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ አየር በሚገኝበት ቦታ ለ5 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ይደረጋል። ለብ ያለ ዘይት በቀላሉ ይፈሳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር ማሠራት ግን ሽታ በሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሳቢያ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ከረጅም ጉዞ የተመለሰ ተሽከርካሪ ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊጠጋ ስለሚችል ከመፈታቱ በፊት በበቂ ሁኔታ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ በኪስ መያዝ፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያስነሳው ይረዳል።

ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ ከላይ ያለው የዘይት መጨመሪያ ክዳን ይላላል፤ አየር ስለሚገባ ዘይቱ ሳይቆራረጥ እንዲወርድ ያግዛል። ከሥር ከኮፓው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚገኘው የማፍሰሻ ብሎን በመፍቻ ወደ ግራ ከላላ በኋላ በእጅ ይፈታል። ብሎኑን ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ መፍታትና በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ማራቅ ዘይቱ በእጅ ላይ እንዳይፈስ ያደርጋል። ፊትን ከብሎኑ ትክክል ሥር ማድረግ አይገባም።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት የካምቢዮውን ማፍሰሻ የሞተር ማፍሰሻ መስሎ መፍታት ነው። በተለይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ሁለቱ ብሎኖች ጎን ለጎን የሚገኙባቸው አሉ። የሚወርደው ዘይት ቀይ ወይም ያልተለመደ ንጹሕ ከሆነ ወዲያውኑ ብሎኑን መልሶ መግጠም ያሻል። ስህተቱ ሳይታወቅ ቀርቶ በሞተሩ ላይ አዲስ ዘይት ከተጨመረ ካምቢዮው ያለ ዘይት፣ ሞተሩም በእጥፍ በሚጠጋ ዘይት እንዲሠራ ይሆናል።

ዘይቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጊዜ ተሰጥቶት ከተንጠፈጠፈ በኋላ ብሎኑ በአዲስ ሮንዴላ ይገጠማል። የብዙ አውቶሞቢሎች ኮፓ ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል። ሁልጊዜም በእጅ ማስጀመር፣ ከዚያ በመፍቻ በመጠኑ ማጥበቅ ይገባል።

አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ላስቲኩ አብሮት መውጣቱን መመልከት አስፈላጊ ነው። አሮጌው ላስቲክ በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ፊልትሮ በላዩ ከተገጠመ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ በግፊት ተረጭቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የአዲሱ ፊልትሮ ላስቲክ በንጹሕ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ይገጠማል፤ ላስቲኩ ሞተሩን ከነካ በኋላ ከግማሽ ዙር አለፍ አድርጎ በእጅ ማጥበቅ በአብዛኛው በቂ ነው።

አዲሱ ዘይት በሚጨመርበት ጊዜ ተሽከርካሪው ወርዶ በደልዳላ መሬት ላይ መቆም አለበት። በቅድሚያ ከተመለከተው መጠን ጥቂት ቀነስ ተደርጎ ይጨመርና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በመለኪያ ዘንጉ ይታያል። ደረጃው በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ተጠግቶ መገኘት ይኖርበታል። ዘይት ከላይኛው ምልክት ካለፈ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ እየመታው አረፋ ያደርገዋል። አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ብረቱን በሚገባ አይሸፍንም፣ በላስቲኮች በኩልም መፍሰስ ይጀምራል።

በመጨረሻም ሞተሩ ሲነሳ የዘይት ግፊት ምልክቱ መብራት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ግድ ነው። ከጠፋም በኋላ በብሎኑና በፊልትሮው ዙሪያ ፍሳሽ አለመኖሩ ይታያል። ሞተሩ ቆሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደረጃው እንደገና ሲለካ አዲሱ ፊልትሮ የጠጣው ያህል ጎድሎ ስለሚገኝ ይሟላል። የተለወጠበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡንና የዘይቱን ዓይነት መዝግቦ መያዝ ለቀጣዩ ለውጥም ሆነ ተሽከርካሪው በሚሸጥበት ጊዜ ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

በጤና ላይ የሚደርስ ጉዳትና የመጀመሪያ ዕርዳታ

አገልግሎት የሰጠ የሞተር ዘይት ከአዲሱ የተለየ ባሕርይ አለው። በቃጠሎ የሚፈጠሩ ውሕዶችና ከሞተሩ የተፋቁ የብረት ብናኞች ይጠራቀሙበታል። ከእነዚህ ውሕዶች መካከል ካንሰር በማስከተል የሚታወቁ ስለሚገኙ ከቆዳ ጋር ለረጅም ጊዜና በተደጋጋሚ መነካካት የለበትም። በዘይት የራሰ ጨርቅ በኪስ መያዝና በዘይት የተነከረ ልብስ ለብሶ መዋል ሊቀሩ የሚገባቸው ልማዶች ናቸው። እጅን በቤንዚን መታጠብም ቆዳውን ከማድረቁ በላይ ጎጂ ነገሮች በቀላሉ እንዲሰርጉ ያደርጋል፤ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ በቂ ነው።

ትኩስ ዘይት ቆዳን ካቃጠለ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ማቀዝቀዝ ተገቢ ሲሆን፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ሕፃን ልጅ ዘይት ከዋጠ እንዲያስታውክ ማድረግ ዘይቱ ወደ ሳንባ እንዲገባ ምክንያት ስለሚሆን፣ ሳያስታውኩት በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

የተቃጠለ ዘይት የት ይሂድ

ዘይቱን ራሱ ለውጦ ያጠናቀቀ ባለንብረት ሥራው አላበቃም። ከፊቱ ሊትሮች የተቃጠለ ዘይት ይጠብቀዋል። በጋራዥ ቢሆን የጋራዡ ኃላፊነት የሚሆነው ይህ ዘይት አሁን የባለንብረቱ ኃላፊነት ሆኗል።

የዩናይትድ ስቴትስ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከአንድ የዘይት ለውጥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ወይም 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ዘይት በውኃ ላይ ስስ ሽፋን ፈጥሮ አየር እንዳይገባ ይከለክላል፣ በአፈር ውስጥ ደግሞ በቶሎ አይበሰብስም። የአዊ ዞን በአባይ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኝ፣ ክረምቱም የጠነከረ አካባቢ ነው። በግቢ ጥግ ወይም በመንገድ ዳር ቦይ የተደፋ ዘይት በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ታጥቦ ወደ ጅረት ይገባል። በግቢያቸው ጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ነዋሪዎች ባሉበት አካባቢ ደግሞ የጉዳቱ ቀዳሚ ተጠቂ ራሱ የደፋው ቤተሰብ ወይም ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

የተቃጠለ ዘይትን ለአጥር እንጨት ከምስጥ መከላከያነት መቀባት፣ አቧራ ለማጥፋት በመንገድ ላይ ማፍሰስ፣ ለማገዶ ማቀጣጠያ ማድረግና በከብት ቁስል ላይ መቀባት በተለያዩ አካባቢዎች የሚታዩ ልማዶች ናቸው። በእንጨትና በመንገድ ላይ የሚደረገው ቀስ በቀስ በዝናብ እየታጠበ ወደ አፈርና ውኃ ይገባል። በምድጃ ሲቃጠል በውስጡ ያሉት ብረቶች በጢስ ወደ ሳንባ ይደርሳሉ። በከብት ቁስል ላይ የሚቀባው ደግሞ እንስሳው ሲልሰው ወደ ሰውነቱ ይገባል።

ትክክለኛው አያያዝ ዘይቱን ንጹሕና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሞ በላዩ ላይ በግልጽ በመጻፍ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበትና ከእሳት ከራቀ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የምግብ ዘይት ወይም የመጠጥ ዕቃ ለዚህ ማገልገል የለበትም። ከውኃ፣ ከቤንዚን፣ ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ መልሶ ለጥቅም ማዋል አዳጋች ስለሚሆን ለብቻው መያዝ አለበት። አሮጌው ፊልትሮም ተዘቅዝቆ ለአንድ ቀን ያህል ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ተለይቶ ይያዛል። መሬት ላይ የፈሰሰው በሰጋቱራ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ ተመጦ ይነሳል እንጂ በውኃ አይታጠብም።

የተጠራቀመው ዘይት ወደ ጋራዥ ወይም ዘይት የመለወጥ አገልግሎት ወደሚሰጥ ማደያ ሊወሰድ ይችላል። ተቀባዩ ማን እንደሆነ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። ተቀባይ ካልተገኘ በግቢ ከመለወጥ ይልቅ በጋራዥ ማስለወጥ የተሻለ ውሳኔ ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፍና የአስተዳደር አካላት ድርሻ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያስቀምጣል። ይህንኑ ተከትሎ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነትም ለታቀደላቸው አገልግሎት የማይውሉ ማዕድናዊ ዘይቶችን ቁጥጥር ከሚያስፈልጋቸው ቆሻሻዎች ዝርዝር ውስጥ አካቷል።

በሌላው ዓለም የተቃጠለ ዘይት የሚሰበሰበው ብክለትን ለመከላከል ብቻ ሳይሆን ሀብትም በመሆኑ ነው። የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ስለ ተቃጠለ ዘይት አሰባሰብና አወጋገድ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። ዘይት በሞተር ውስጥ ይቆሽሻል እንጂ አያልቅም፤ ተጣርቶ እንደገና ዘይት መሆን ወይም ከፍተኛ ሙቀት ባላቸው የሲሚንቶ እቶኖች ውስጥ በማገዶነት ማገልገል ይችላል።

እንደ ጫግኒ ባሉ የመተላለፊያ ከተሞች የሚገኙ የአስተዳደር አካላት በዚህ ረገድ ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸው ተግባራት ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ለጋራዦች ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ ወለላቸው ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ የፍሳሽ መስመራቸው ከዝናብ ውኃ ቦይ የተለየና የተቃጠለ ዘይት ማጠራቀሚያ ያላቸው መሆኑን ማየት አንዱ ነው። ከነዋሪዎች በጀሪካን የሚመጣውን የሚቀበል አንድ የታወቀ ቦታ መሰየም፣ የባጃጅ ማኅበራትንም በዚሁ እንዲሳተፉ ማድረግ ሌላው ነው። አንድ ባጃጅ በአንድ ለውጥ የሚያስወግደው ዘይት ጥቂት ቢሆንም ለውጡ ተደጋጋሚ፣ የባጃጆቹም ቁጥር ብዙ በመሆኑ ድምሩ ቀላል አይሆንም።

የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። በአገልግሎት ላይ ያሉት ግን ለዓመታት በመንገድ ላይ መቆየታቸው አይቀርም። ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የዘይት እንክብካቤያቸውም ሆነ የሚያስወግዱት ዘይት አያያዝ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል።

ለባለሙያ መተው የሚገባው ሥራ

ሁሉም የዘይት ለውጥ በመኖሪያ ግቢ የሚከናወን አይደለም። ደልዳላ ወለልና አስተማማኝ መደገፊያ ከሌለ፣ ብሎኑ በተለመደ ኃይል አልፈታ ካለ ወይም ተሽከርካሪው በሻጩ ዋስትና ሥር ከሆነ ሥራው ለጋራዥ መተው አለበት። የወጣው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ከሆነ ውኃ መግባቱን፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ከታየበት ደግሞ የውስጥ አካል መበላቱን ስለሚያመለክት አዲስ ዘይት በመጨመር ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

የመንግሥት ተሽከርካሪ የተመደበለት ኃላፊ ወይም ሾፌርም ዘይቱን በግል ግቢ መለወጥ አይኖርበትም። የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ የጥገና መዝገብ፣ የዘይት ወጪና ርክክብ ያለው የሕዝብ ንብረት ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ጥገና ንብረቱንም ተጠያቂነቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ከኃላፊው የሚጠበቀው ጊዜው ሲደርስ ተሽከርካሪውን ከስምሪት አውጥቶ ወደ ጥገና መላክና መላኩን ማረጋገጥ ነው።

ለግል ባለንብረት ግን ሥራው በአግባቡ ከተከናወነ ተሽከርካሪውን በቅርብ እንዲያውቅ፣ ፍሳሽና ብልሽትን በጊዜ እንዲያገኝ ይረዳዋል። ለዚህም መደገፊያው አስተማማኝ፣ ዘይቱ ትክክለኛ፣ የተቃጠለው ዘይት የሚሄድበት ቦታም አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ወይም ወደ ጋራዥ መውሰድ የሚመረጥ ይሆናል።